አዳኙ የማይታይበት ግሥ፦ «ዳነ»፣ «ጸጋ» እና የጎረቤት ቋንቋዎች አቻዎቻቸው በታሪክ

ሰው የሚድነው በራሱ ኃይል ሳይሆን በእግዚአብሔር ታዳጊነት፣ በጸጋ ነው የሚለው ትምህርት በክርስትና ውስጥ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የሰዋስው ጥያቄም ያስነሣል። ትምህርቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ነገሮች እንዲገኙ ይፈልጋል፤ በአደጋ ላይ ያለ ሰው፣ ከአደጋው የሚያወጣው ሌላ አካል፣ ማውጣቱም ያለ ዋጋ መደረጉ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ላይ ግሪክኛው ሦስቱንም በሁለት ቅርጽ ይሸከማቸዋል። ግሡ ተደራጊ ነው፤ ስለዚህም አንድ አድራጊ ከበስተኋላው እንዳለ ያሳውቃል። «ጸጋ» ደግሞ የመሣሪያነት አገባብ ይዞ ከጎኑ ይቆማል። ዐረፍተ ነገሩ ወደ አፍሪካ ቀንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች ሲሻገር ግን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አንዱ ወይም ሌላው ክፍል ይጎድላል፣ ይተካል፣ ወይም ቦታ ይለውጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው አማርኛ ነው።

አማርኛ «ዳነ» ይላል። ሕመምተኛው ዳነ፤ ከሞት ዳነ፤ ነፍሱ ዳነች። በሦስቱም አባባሎች ግሡ የሚናገረው ስለ ዳነው ብቻ ነው። ማን እንዳዳነው አይጠይቅም፤ አዳኝ መኖሩንም አያስገድድም። አድራጊውን ለማስገባት «አዳነ» ማለት ያስፈልጋል፤ «አዳነ» ተመልሶ ወደ ተደራጊነት ሲገለበጥ ግን የሚገኘው ያው «ዳነ» ነው። በሌሎች ግሦች ዘንድ አማርኛ በ«ተ» የሚመሠርተው ተደራጊ በዚህ ግሥ ላይ በመደበኛ አነጋገር አይሠራም። «ዳነ» ያለ አዳኝ በደኅና ይኖራል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሦስት ቀን ተኝቶ ይድናል፤ ማንም አላዳነውም።

ይህ ከየት መጣ? መልሱ በከፊል የድምፅ ታሪክ ነው። በግዕዝ «ድኅነ» የሚባለው ሥር ጉሮሮአዊ ድምፁ በአማርኛ ሲወድቅ አናባቢው ወደ «ኣ» ተለውጦ «ዳነ» ሆኗል፤ ልክ «ስሕተ» «ሳተ»፣ «ርኅበ» «ራበ»፣ «ልህቀ» «ላቀ» እንደ ሆኑት። (አማርኛ የግዕዝ ቀጥተኛ ልጅ አለመሆኑን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም፤ እዚህ ግዕዙ የሚጠቀሰው የጋራውን ሥር ጥንታዊ ድምፅ ጠብቆ ስለ ያዘ ነው።) በአንጻሩ «ድኅነት»፣ «መድኃኒት»፣ «መድኅን» እና «ደኅና» ጉሮሮአዊውን ድምፅ ይዘው ቆይተዋል። ይህ የሚያሳየው ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በኩል ከግዕዝ የተወሰዱ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ አንድ ሥር በአማርኛ ውስጥ ሁለት ኑሮ ይኖራል። ግሡ የቤትና የገበያ ነው፤ ስሙ የመቅደስና የመጽሐፍ ነው።

የግዕዙ ግን የበለጠ ሰፊ ነበር። በአራተኛውና በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ቅዱሳት መጻሕፍትን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት ሰዎች «ማዳን» ለሚለው ሐሳብ ቢያንስ ሦስት ግሦች በእጃቸው ነበሯቸው። አንደኛው «ሐይወ» ነው፤ ኖረ፣ ተፈወሰ፣ ዳነ ማለት ነው። አስደራጊው «አሕየወ» በተለይ ኢየሱስ ሕሙማንን በሚፈውስባቸው ታሪኮች ውስጥ ይገባል፤ ደም ይፈስሳት ለነበረችው ሴት የተነገረው ቃል አንዱ ምሳሌ ነው። ግሪክኛው በዚያ ቦታ ማዳንንም መፈወስንም የሚችል አንድ ግሥ ይጠቀማል፤ ግዕዙ ግን ወደ ሕይወት ያዘነብላል። ሁለተኛው «ድኅነ» ነው፤ ደኅና ሆነ፣ ከጥፋት ተጠበቀ። ሦስተኛው «ባልሐ» ነው፤ ከያዘው እጅ አስጣለ፣ ታደገ። ይህ ሦስተኛው ከጤናም ከሕይወትም ጋር ዝምድና የለውም። አንድ ያዥ፣ አንድ ተይዞ ያለ፣ አንድ የሚያስጥል ያስፈልገዋል። ታዳጊነትን በጠባቡ ትርጉሙ የሚናገር ቃል ይህ ነው።

የግዕዙ የጌታ ጸሎት የመጨረሻው ልመና ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በግሪክኛው አንድ ግሥ ባለበት ቦታ ግዕዙ «አድኀነ»ንና «ባልሐ»ን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ሁለት ቃል መደራረብ የግዕዝ ተርጓሚዎች ልማድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ግሦች አንድ ዓይነት ነገር አይለምኑም። አንደኛው ደኅና መሆንን ይለምናል፤ ሁለተኛው ከክፉው እጅ መወሰድን። በብዛት የሚነገረው የአማርኛ ጸሎት ይህን በአንድ «አድነን» ይገልጻል። «ባልሐ» ወደ ዕለታዊው አማርኛ አልገባም፤ «ሐይወ»ም እንደ ግሥ አልገባም፤ ከእርሱ ወገን «ሕይወት» እና «ሕያው» የተባሉት ስሞች ብቻ ገብተዋል። ሦስት የነበረው ሥራ በአንድ ግሥ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በትግርኛ እንዲህ አልሆነም። ትግርኛ «ሓወየ» የሚል ግሥ አለው፤ ከሕመም ተሻለው ማለት ነው። ይህም የ«ሐይወ» ፊደላት ቦታ ተለዋውጠው የተገኘ ነው። «ደሓነ» ደግሞ ከጥፋት ማምለጥንና መትረፍን ይይዛል። የትግርኛ ተናጋሪ ከወባ ያገገመውንና ከመርከብ መስጠም የተረፈውን በሁለት ግሥ ይለያቸዋል፤ ነፍስ የምትድነው ከሁለተኛው ወገን ነው። ምድሓን፣ መድሓኒ፣ ሰላምታ ሲለዋወጡ የሚሰማው «ደሓን» ሁሉም በዚያው በኩል ናቸው። የአማርኛ ተናጋሪ ካህንና የትግርኛ ተናጋሪ ካህን አንድ ግዕዝ ያነብባሉ፤ ሲያብራሩት ግን በሁለት የተለያዩ የቃል ካርታዎች ላይ ይቆማሉ። በንጽጽር ጥናቶች ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ርእስ እንደ አንድ የሚታዩበት ልማድ መታረም ይገባዋል።

አማርኛ ራሱ የታዳጊነት ግሥ ጎድሎት አይደለም። «ታደገ» አለ። «አተረፈ» አለ። ከሁሉም በላይ «አስጣለ» አለ፤ ጅብ የያዘውን በግ እረኛው ሲነጥቀው የሚባለው ነው፤ ያዡ የያዘውን እንዲጥል ማድረግ። ከ«ባልሐ» ጋር ቢመዘን እጅግ የሚቀራረብ የአማርኛ ቃል ይህ ነው። ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ዳነ»ንና «አዳነ»ን ማዕከል አድርጎ ተዋቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስላል፤ «ድኅነት»፣ «መድኃኒት»፣ «መድኃኔ ዓለም» የተባሉት ቅዱሳን ስሞች አስቀድመው በጆሮ ውስጥ ስለ ነበሩ ግሡ የእነርሱ ቤተ ዘመድ መሆን ነበረበት። የላሊበላ ትልቁ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ቤተ መድኃኔ ዓለም ተብሎ በሚጠራበት፣ ወር በገባ በ27 መድኃኔ ዓለም በሚታሰብበት አገር ተርጓሚ የእረኛን ግሥ አይመርጥም።

የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመው ግን ከላሊበላም ከጎንደርም ርቆ ነው። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ቆንሲል አስሊን ደ ሼርቪል ጋር እስከ 1818 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዐሥር ዓመት ያህል ሠራበት። እርሱ በሞተ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1820 እ.ኤ.አ.፣ የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በዊልያም ጆዌት በኩል ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። እነዚህን መጻሕፍት ይዘው የመጡት ሚሲዮናውያን ማለትም በ1830 ጎንደር የደረሰው ሳሙኤል ጎባት፣ ከዚያም በዐድዋ የቆዩት ኢዘንበርግና ክራፕፍ በአማርኛ ሊናገሩ የፈለጉት ዋና ነገር በጸጋ መዳን ነበር። ለዚህም ከሁለቱ ቃላት አንዱ፣ «ጸጋ»፣ በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ እጅግ የተሳለ ቃል ነበር።

«ጸጋ» በግዕዝ ከ«ጸገወ» ወገን ነው፤ በነጻ ሰጠ ማለት ነው። የግሪክኛውን የጸጋ ቃል ለመተርጐም ከ«ሞገስ» ጋር ተከፋፍሎ ሠርቷል። ነገር ግን ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ኢየሱሳውያን ከአገር ከወጡ በኋላ በተነሣው የትምህርተ ሥጋዌ ክርክር፣ ቃሉ የአንድ ወገን መጠሪያ ሆነ። ቅባቶች፣ ካሮችና የጸጋ ልጆች በጉባኤ ተከራከሩ። «የጸጋ ልጅ» የሚለው ስም ክርስቶስ በሥጋው ስለሚባልበት ልጅነት እንጂ የምእመናንን መዳን የሚመለከት አልነበረም። ክርክሩ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1878 እ.ኤ.አ. በቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት ሦስት ልደት የሚሉት ሲወገዙ መንግሥታዊ መቋጫ አገኘ። በ1830ዎቹ አንድ የውጭ አገር ሰው በዐድዋ ወይም በሸዋ ቆሞ ስለ «ጸጋ» መናገር ሲጀምር የሰሚው አእምሮ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። ቃሉ የጳውሎስን ከመናገሩ በፊት የደብረ ሊባኖስን ይናገር ነበር። በዚያ ዘመን ሚሲዮናውያኑና ሊቃውንቱ ሳይግባቡ የቀሩበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በትምህርት ልዩነት ብቻ ይተረጎማል፤ አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ክርክሮችን እንዲሸከም መገደዱ ግን በዚያው ልክ መታየት አለበት።

ከክርክሩ ውጭ ደግሞ «ጸጋ» ሌላ መንገድ ሄደ። ስጦታ የነበረው ሀብት ሆነ። ባለጸጋ ማለት ባለገንዘብ ማለት ነው። «ሀብት» ራሱም ከ«ወሀበ» የወጣ፣ መጀመሪያ ስጦታ የነበረ ቃል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቁልቁለት ወረዱ። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ስዋሂሊ ለጸጋ የሚጠቀምበት «ኔማ» እና ሶማልኛ የሚጠቀምበት «ኒምዖ» ሁለቱም የዐረብኛው ኒዕማ ልጆች ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋዎች ቃሉ ከአምላክ ቸርነት ጋር የምድርን በረከትና ጥጋብ ይይዛል፤ በሁለቱም የሴት ልጅ ስም ነው። በባሕሩ ዳርቻ የክርስትናው ቃል ከእስልምናው ጋር በጋራ የተያዘ ነው። በደጋው ግን የክርስትናው ቃል ከራሱ የቆየ ክርክር ጋር ይታገላል።

ወደ ኦሮምኛ ሲሻገሩ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ የተርጓሚውም ሕይወት ከቃሉ ሊለይ አይችልም። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ በኢሉባቦር ተወለደ፤ በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። የትውልድ ስሙ ሂካ ነበር፤ ተርጓሚ ማለት ነው። በስዊድን አገር ተምሮ ተመለሰ፤ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር በኤርትራ ሠርቶ የኦሮምኛውን ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አስቴርም ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የተለቀቀች ነበረች። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው።

ኦነሲሞስ ትምህርተ መለኮትን የተማረበት ቋንቋ፣ ስዊድንኛ፣ መዳንን «ፍሬልስኒንግ» ይለዋል። የቃሉ ሥር በጥንታዊው የሰሜን ጀርመናዊ ቋንቋ ነጻ አንገት ማለት ነው፤ የባርነት ቀለበት ያልታሰረበት አንገት። ነጻ የወጣ ባሪያ በዚህ ቋንቋ ስለ መዳን ተማረ። ዛሬ በኦሮምኛ የክርስትና ቋንቋ የሠፈረው ቃል ግን ከነጻነት ወገን አይደለም፤ «ፈዪና» ነው፤ ሥሩ «ፈያ»፣ ጤና። ኦሮሞ ከኦሮሞ ሲገናኝ «ፈያ» ብሎ ደኅንነት ይጠያየቃል፤ የአማርኛው «ደኅና» የሚሠራውን ያህል። ነጻ መውጣት በኦሮምኛ ለብቻው ቆሟል፤ «ፉሪ»፣ መፈታት፣ ቤዛ። በግዕዝና በአማርኛም «ቤዛ» ከ«ድኅነት» የተለየ ቃል ነው። ስለዚህ የደጋው ቋንቋዎች አንድ የጋራ አሠራር አላቸው ማለት ይቻላል። መዳንን ከጤናና ከሰላምታ ጋር ያስተሳስራሉ፤ ዋጋ ተከፍሎ መዋጀትን ግን ለይተው ያስቀምጣሉ። ይህ የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋዎች ረጅም ጉርብትና ከፈጠራቸው ተመሳሳይነቶች አንዱ ሆኖ መቆጠር ይገባዋል፤ በእስካሁኑ የአካባቢ ቋንቋዎች ጥናት የድምፅና የአገባብ ነጥቦች እንጂ እንዲህ ያሉ የቃል ትስስሮች በቂ ቦታ አላገኙም።

ለጸጋ ደግሞ ኦሮምኛ «አያና»ን ይጠቀማል። ይህ ምርጫ ድፍረት ያለበት ነው። አያና በኦሮሞ አስተሳሰብ ከዋቃ ወጥቶ በእያንዳንዱ ፍጥረት ላይ የሚያድር መንፈሳዊ ባሕርይ ነው፤ የዕለት አያና አለ፤ የሰው አያና አለ፤ የቦረና አያንቱዎች 27 ቀናትን በየአያናቸው ይቆጥራሉ። በዓልም አያና ይባላል፤ ዕድልም እንዲሁ። በወለጋ ሰውን የሚይዝ መንፈስም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ላምበርት ባርትልስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኦሮሞ ሃይማኖት ጥናት ለዚህ ቃል ብዙ ገጽ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «በአያና ዳናችሁ» የሚለው አባባል ለሰሚው ሁለት በር ይከፍታል። አንዱ ጳውሎስ ያሰበው ያለ ዋጋ የተሰጠ ቸርነት ነው። ሌላው ከሰማይ ወርዶ በሰው ላይ የሚያድር ኃይል ነው። ቃሉን የሚነቅፉ አሉ። ነገር ግን ጸጋ ሰጪውን ጨርሶ የማይተው ስጦታ መሆኑን ከ«አያና» የተሻለ የሚያሳይ ቃል በአካባቢው ቋንቋዎች ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፤ ባለሀብት ከሆነው የአማርኛው «ጸጋ» ጋር ሲመዘን ይህ በግልጽ ይታያል።

በሰዋስውም በኩል ኦሮምኛ አማርኛን ይበልጠዋል። «ፈዩ» ጤና ማግኘት ነው፤ «ፈዪሱ» ማዳን ነው፤ ከዚያ ላይ ተደራጊው «ፈዪፈሙ» ይመሠረታል፤ በሌላ መዳን። አድራጊው ባይጠራም በግሡ ውስጥ ጥላው ይቀራል። ስዋሂሊም እንዲሁ ሁለት ቅርጽ አለው፤ «ኦኮካ» የሁኔታ ግሥ ነው፤ አመለጠ፣ ዳነ፤ «ኦኮለዋ» ደግሞ ተደራጊ ነው፤ በሌላ ዳነ። ሥሩ «ኦኮዋ» ከአደጋ ማውጣት እንጂ ከጤና ጋር አይገናኝም። የስዋሂሊ መጽሐፍ ቅዱስ በኤፌሶን 2፥8 ተደራጊውን «ምሜኦኮለዋ» በኀላፊ ፍጻሜ ምልክቱ ይጠቀማል፤ ለግሪክኛው ከዚህ የቀረበ ትርጉም አይገኝም። ክራፕፍ ከሸዋ ወጥቶ በ1844 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ሲደርስ ያገኘው ቋንቋ እንዲህ ያለ ነበር። በአማርኛና በኦሮምኛ ሲታገል የቆየ ሰው በባሕሩ ዳር ሰዋስዋዊ ዕረፍት አገኘ ቢባል ከመጠን ያለፈ አይሆንም።

የአማርኛ ተርጓሚዎች ችግሩን ያለፉበት መንገድ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው በኤፌሶን 2፥8 ላይ ዐረፍተ ነገሩን ገለበጠው። ተደራጊ ግሥ ስለሌለ «ጸጋ» ራሱ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆነ፤ ግሡም «አዳነ» ሆኖ በአድራጊነት ቆመ። በግሪክኛው መሣሪያ የነበረው በአማርኛ አዳኝ ሆነ። አድራጊው ከግሡ ሲጠፋ ተርጓሚው ከአገባቡ ውስጥ ሌላ አድራጊ አነሣ ማለት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ቋንቋው በማይፈቅድለት ቦታ ትምህርቱን ለማትረፍ የተደረገ ብልሃት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ አዳዲስ ትርጉሞች ወደ «በጸጋ» እና ወደ «ዳነ» ሲመለሱ የግሪክኛውን አገባብ አገኙ፤ አዳኙን ግን አጡ። በአንባቢ ጆሮ «በጸጋ ድናችኋል» እና «በመርፌ ድናችኋል» አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም መሣሪያውን ይናገራሉ፤ ባለ መሣሪያውን አይናገሩም። የቆየው ትርጉም እዚህ ቦታ ላይ ይሻላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሰዋስው ግዴታ ይመስላል። የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ግን ይህን ግምት ያናጋዋል። በ1929 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳው ሚሲዮናዊ ሐኪም ጆ ቸርች እና የቡጋንዳው ሲሞን ንሲባምቢ በካምፓላ ከተገናኙ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ መነቃቃት የሚባለው እንቅስቃሴ ከጋሂኒ ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተስፋፋ። በ1941 ሙኮኖ በሚገኘው የጳጳስ ታከር ኮሌጅ ዊልያም ናጌንዳን ጨምሮ 26 ተማሪዎች በዚሁ ምክንያት ተባረሩ። ሰዎቹ ባሎኮሌ ተባሉ። ስሙ ከ«ኦኩሎኮካ» ነው፤ ሉጋንዳም እንደ ስዋሂሊ የሁኔታውን ግሥ ከተደራጊው «ኦኩሎኮሌብዋ» ይለያል፤ ጸጋንም «ኤኪሳ» ይለዋል። እንቅስቃሴው ግን ስሙን ከተደራጊው አልወሰደም፤ ከሁኔታው ግሥ ወሰደ። በስዋሂሊም ምስክርነት የሚሰጥ ሰው «ኒሜኦኮካ» ይላል፤ «ኒሜኦኮለዋ» አይልም። አዳኙን የሚያሳይ ቅርጽ በእጃቸው እያለ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ አዳኙ የማይታይበትን መረጡ።

ለምን? ከምስክርነቱ አገባብ መልሱ ይገኛል። ቆሞ የሚመሰክር ሰው የሚናገረው ስለ ተለወጠ ሁኔታ ነው፤ ትናንት እንዲህ ነበርሁ፤ ዛሬ እንዲህ ነኝ። ትምህርት ደግሞ ስለ ሰጪ ይናገራል። ተደራጊው ግሥ የስብከት ነው፤ የሁኔታው ግሥ የኑሮ ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከተሞች ውስጥ የተነሡት የጴንጤቆስጤ ወጣቶች «ድኛለሁ» ሲሉ ከሞምባሳና ከካምፓላ ወንድሞቻቸው የተለየ አልተናገሩም፤ ልዩነቱ እነርሱ ምርጫ አለመኖራቸው ነው። ስማቸውንም ከመዳን አላገኙም፤ «የዳነ» ማለት ቀድሞ የሆስፒታል ቃል ስለ ነበረ ሕዝቡ «ጴንጤ» ብሎ በውጭ ቃል ጠራቸው።

«ድኛለሁ» የሚለው አንድ ቃል በአማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች መካከል ያስነሣው ጠብ ትልቅ ነው፤ የጠቡም መነሻ በከፊል የጊዜ አመልካች ነው። ለወንጌላዊው ድርጊቱ ተፈጽሟል፤ ውጤቱ ቀርቷል። ለኦርቶዶክሳዊው ድኅነት በጥምቀት የሚጀመር፣ በቅዱሳት ምሥጢራትና በምግባር የሚቀጥል፣ በፍጻሜ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ «ድኛለሁ» ማለት በሕክምና ላይ ያለ ሰው ገና መድኃኒቱን ሳይጨርስ ከሆስፒታል መውጣቱን እንደ ማወጅ ይሰማዋል። ሁለቱም ወገኖች የተጠቀሙበት ግሥ አንድ ነው፤ ግሡም የሕመም ግሥ ስለሆነ ለሁለተኛው ወገን ያደላል። ማገገም ሂደት ነው፤ «እየተሻለኝ ነው» ይባላል። ከጅብ መጣል ግን ሂደት የለውም። አማርኛ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «አስጣለ»ን መርጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ሌላ ቋንቋ ይኖረው ነበር።

«አዳኝ» የሚለው ስም የራሱ ችግር አለው፤ «አደነ» ከሚለው ግሥ የሚወጣው የአራዊት አዳኝም በዚያው ድምፅና ፊደል ይጠራል። የቆየው የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ስለ ክርስቶስ «መድኃኒት» ወይም «መድኅን» ይላል፤ «ጌታና አዳኝ» ማለት በተለይ የወንጌላውያን ነው። «መድኃኒት» ደግሞ ከፋርማሲ እስከ ፀረ ተባይ ድረስ ሄዷል፤ በክፉ ሲነገርም ሰው በምግብ ውስጥ የሚያደርገውን መርዝ ይጨምራል። «መድኅን» ጉሮሮውን ጥሎ «መድን» ሆኖ ለኢንሹራንስ ድርጅት ስም ሆነ፤ ሙሉ ፊደሉን ይዞም «የጤና መድኅን» በሚለው የመንግሥት አሠራር ውስጥ ገባ። ይህኛው ሳይታሰብ ጤናንና መዳንን እንደገና ያገናኘ ቃል ነው።

የፊደል ጥያቄም ቀርቷል። «ድኅነት» እና «ድህነት» በድምፅ የሚለዩት በመጥበቅ ነው። የመጀመሪያው ከግዕዝ የመጣ ስለሆነ «ነ» ይላላል፤ ሁለተኛው «ድሀ» ላይ የአማርኛው «-ነት» ተጨምሮ የተሠራ ስለሆነ «ነ» ይጠብቃል። ፊደሉ መጥበቅን አያመለክትም፤ ልዩነቱን በጽሑፍ የሚሸከመው «ኅ» ብቻ ነበር። ሞክሼ ፊደላትን ለይቶ የማይጽፍ ሰው እየበዛ ሲሄድ በጋዜጣና በኮምፒዩተር ጽሑፍ ሁለቱም «ድህነት» ሆነው ይወጣሉ፤ ስለ ነፍስ መዳን የተጻፈ ርእስ ስለ ኢኮኖሚ የተጻፈ መስሎ ይነበባል። ወንጌላውያን ጸሐፊዎች ይህን ለማስወገድ «ደኅንነት» ማለት ጀምረው ነበር፤ ያ ቃል ግን በመንግሥት አነጋገር የስለላውን መሥሪያ ቤት ይዞታል። ስለዚህ ብዙዎቹ ዛሬ በቀላሉ «መዳን» ይላሉ፤ ይህም ከሁሉም ቅርጾች መካከል አዳኙን ፈጽሞ የማያስገባው ነው።